ጥቁር የለም

«ጥቁር የለም፣ እናቴ» አላት ባለሱቁ፣ የበረንዳውን ደረጃ ወጥታ ሳትጨርስ። ወርቂቱ ገና አፏን አልከፈተችም ነበር።

ቀጣዩም ሱቅ ያው ሆነ። ሦስተኛው ግን ጨዋ ነውና መደርደሪያውን የፈተሸ መሰለ። «አረንጓዴ አለኝ። ቀይ ደግሞ እንደ ልብዎ፤ በየሰልፉ ይፈለጋል» አለና የተናገረው ነገር ራሱን አስደንግጦት ጣቃዎቹን ማስተካከል ጀመረ።

ከሰቃ ጅማ ድረስ በማለዳ መኪና የመጣችው ለዚሁ ነው። የሰቃው ባለሱቅ ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ወሬም በሜትር ይሸጣል፣ ለዚያውም ለቀበሌ።

ባለፈው ማክሰኞ እስር ቤቱ በር ላይ፣ ለልጇ ለፈይሳ የያዘችለትን ምግብ መልሰው አስታቅፈዋት «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። በዚያ ዘመን የዚህን ቃል ትርጉም የማታውቅ እናት አልነበረችም። ድንኳን መጣል ክልክል፣ እዬዬ ማለት ክልክል። ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ ራሱ ፀረ አብዮተኛ ነው ተብሏል። እሺ፣ አላለቀሰችም። ግን ልጅ ሞቶባት በአበባ ቀሚስ የምትዞር ምን ዓይነት እናት ናት? ቀሚሱ ገላዋን ይለበልባት ጀመር። ቢያስሯትም ቢገድሏትም ለፈይሳ ጥቁር ሳትለብስ ሰቃ ላትመለስ ቆርጣለች።

በሂርማታ ገበያ ጎን ያለውን ይህን መደዳ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሱቆቹን ሁሉ ከነበረንዳቸው ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናቸዋል፤ ክረምት ከበጋ ዝናብ ሳይነካህ ከመርፌ እስከ አልጋ ገዝተህ ትወጣለህ። ለፈይሳ የመጀመሪያ ጫማውን የገዛችለት እዚሁ ነው። ዛሬ ግማሹ በር ታሽጓል። ዓረብ ነጋዴዎቹ ወደ አገራቸው ሄደዋል፤ ሰዓት ሠሪው የት እንደገባ የሚናገር የለም። የፎቶ ቤቱ መስኮት ውስጥ ተማሪዎች ክራቫት አስረው ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ማን ያውቃል። ከገበያው በኩል ያልተፈለፈለ የጀንፈል ቡና ሽታ ይመጣል። ወርቂቱ የወጣት ኮቴ ከኋላዋ የሰማች እየመሰላት ሦስት ጊዜ ዞረች። ማንም አልነበረም። ነውር ከሆነም ይሁን፣ ሦስቱንም ጊዜ ደስ ብሏት ነበር የዞረችው።

የመጨረሻው ሱቅ የልብስ ሰፊው የጀማለዲን ነው። ሽማግሌው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ኮቱ፣ ገሊ» አላት በኦሮምኛ። «ነይ፣ ግቢ። ስንቱን ሱቅ አዳረስሽ?»

«ዘጠኝ። ጥቁር ጨርቅ ከጅማ ጠፋ፣ ጋሼ?»

«አልጠፋም። ቀበሌ ነው፣ ጥቁር የገዛውን ሁሉ ስሙን ጻፉ ያላቸው። ስምሽን ከሚጽፉ የለም ማለት ይሻላቸዋል፤ አትቀየሚያቸው።» ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ጥቁር ጣቃ አወጣ። «እኔ ግን ገበር ነው የምሸጠው። የኮት ገበር ጥቁር ነው፤ ማን ይጽፈዋል? ቀሚስሽን አውልቂና ስጪኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጋቢ አለልሽ። ከአንገት እስከ ጫፍ ከውስጥ እሰፋልሻለሁ።»

«ከውስጥ?» ወርቂቱን ንዴት ያዛት። «ሰው የማያየው ሐዘን ምን ሐዘን ነው?»

«ገላሽ ያውቀዋል፣ አላህም ያየዋል። ሆድ ይፍጀው ትሉ የለ?»

ቀሚሷን አውልቃ ሰጠችው። ጋቢውን ተከናንባ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ጥቁሩን ከአበባው ጀርባ ማያያዝ ጀመረ።

ብዙም ሳይሰፋ አንዲት ካኪ ኮት የደረበች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጀማለዲን ብድግ አለ። «እንደምን ዋሉ፣ ጓድ ብርሃንነሽ» አለ ጮክ ብሎ፣ ወርቂቱ እንድትሰማ። «የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው።»

ሴትዮዋ የስፌት መኪናው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር አየች። «ይህ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ወርቂቱ። ፍርሃቷ የት እንደሄደ እሷም አላወቀችም።

ብርሃንነሽ ወደ በረንዳው ግራና ቀኝ ተመለከተች፣ ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከዘንቢሏ የታጠፈ ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ለጀማለዲን አቀበለችው። «ገበሩ ከታች ተተርትሯል። ስራመድ እንዳይታይብኝ።»

ጀማለዲን ቀሚሱን ገለበጠው። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል።

ሊቀመንበሯ መጥታ ከወርቂቱ ጎን ተቀመጠች።

«ወንድ ነው?» አለች ብርሃንነሽ።

«ወንድ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር።»

«የኔ ሴት ናት።» ስንት ዓመቷ እንደነበር መናገር አልቻለችም።

ጀማለዲን ወደ እነሱ ሳያይ ተቀመጠና መኪናውን በኃይል ይረግጠው ጀመር። ድምፁ ሱቁን ሞልቶ በረንዳ ላይ ፈሰሰ፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው የሰፊውን ትጋት ሳያደንቅ አይቀርም። ወርቂቱ ከማክሰኞ ጀምሮ የያዘችውን ልቅሶ ለቀቀችው። ከጎኗ የካኪው ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ረገጠ፣ ረገጠ፤ ሁለቱም ቀሚሶች ጉልበቱ ላይ ነበሩ፣ ከመርፌው ሥር ምንም ጨርቅ አልነበረም።