ሰልፍ ውስጥ ያልገባችው ሴትዮ

"አንቺ ሴትዮ፣ አልሰማሽም? ራሽንሽን ወስደሻል! ሂጂ ከዚህ!"

ነርስ የሺሀረግ ጮኸች…

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ሐይቅ ከተማ ዳር፣ የድርቅ ተጎጂዎች መጠለያ።

ከአምባሰል የወረደው ሕዝብ ሰልፉ ጫፍ የለውም።

የሺሀረግ ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። የየልጁን ስም ትጠይቅ ነበር… አቅፋ ታበላ ነበር…

ከዚያ ልጆቹ እጇ ላይ ማለቅ ጀመሩ።

መጀመሪያ ስም መጠየቅ ተወች… ቀጥሎ ፊት ማየት ተወች… በመጨረሻ እንባዋም ደረቀ።

"ልቤ ድንጋይ ሆኗል፤ ነገ ደሴ እገባለሁ" አለችው ቁስል ለሚያክመው ለድሬሰሩ ለአምሳሉ። ሻንጣዋን ሸክፋለች።

አምሳሉ ፋሻውን መጠቅለሉን ቀጠለ። የእሱም ልብ እንደ እሷው ነው።

ሴትዮዋ ግን ሲያባርሯት ትመለሳለች። ሰልፍ አትገባም። በነጠላዋ ጫፍ የሆነ ነገር ቋጥራ ዳር ትቆማለች።

"ስንዴው አነሰኝ ልትል ነው…" የሺሀረግ ደሟ ፈላ። ተንደርድራ ሄደች።

"ምንድነው የፈለግሽው? በቃ፣ የምሰጥሽ የለኝም!"

"ልቀበልሽ አይደለም እህቴ…" አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። "ዘይቱና እባላለሁ። ሐሙስ ለት ልጄ እጅሽ ላይ ነው ያረፈችው።"

የሺሀረግ አላስታወሰቻትም። አፈረች።

"እኔንስ ያገሬ ሰው ደረሰኝ። አንቺ ግን ስንቱን ስትሸኚ ለቅሶ የደረሰሽ የለም…"

ቋጠሮውን ፈታችው።

ንፍሮ!

ከራሽኗ ቆጥባ የቀቀለችው አንድ እፍኝ ስንዴ… ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድማ!

"እግዜር ያጥናሽ… በናንተ እንዲህ አይደል የሚባለው? በኛ ደግሞ አብሽሪ… አይዞሽ።"

የሺሀረግ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ደርቋል ያለችው እንባ ገነፈለ።

"ስሟ… ስሟ ማን ነበር?"

"ኑርሀያት።"

አፈር ላይ ተቀምጠው ንፍሮውን እየዘገኑ አለቀሱ። ሰልፈኛው ቆሞ ጠበቃቸው።

የሺሀረግ ደሴ አልሄደችም።

በማግስቱም ልጅ ሞተ… ያ አልቀረም። ግን ስሙን ጠይቃው ነበር፤ አለቀሰችለትም። ሲመሽ ከአምሳሉ ጋር ተቀምጠው "ያጥናህ"፣ "ያጥናሽ" ተባባሉ።

ወዳጆቼ… ልብ የሚደነድነው በክፋት ብቻ አይደለም። ብቻውን ሲያዝንም ይደነድናል። ነርሷ ፊት ስትነሳችሁ ከመሳደባችሁ በፊት ስንቱን ሸኝታ እንደመጣች አስቡ።

እስኪ ንገሩኝ… የእናንተን ሰው ያስታመመላችሁን "አንተስ እንዴት ነህ?" ብላችሁት ታውቃላችሁ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት።