ቅዳሜ የሚጠብቀው ቀይ ሸረሪት

ቀይ ሸረሪት የሚሉት ተባይ ዓይን አይሞላም። ከቅጠሉ ጀርባ ተደብቆ ይመጠምጣል፤ ቅጠሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ሲዥጎረጎርና ቀጭን ድር ሲያደራበት ነው ሰው የሚነቃው። በልጅቷ አባት ቤት አበቦች ላይ ይኸው ተባይ ጠፋ ሲባል ይመለሳል፣ ጠፋ ሲባል ይመለሳል።

ልጅቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ነገር ሲደጋገም ምክንያቱን ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያ ላይ በመስኮቱ ዙሪያ በሲባጎ እየተመራ የወጣው ሐረግ የእናቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእጇ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። እስካሁን ተባዩ የሚወጣው ሌሎቹ አበቦች ላይ ነበር፤ ሐረጉን አልነካውም። ግን እስከ መቼ? ሐረጉ ቢደርቅ እናቷን ሁለተኛ የምትቀብር መሰላት።

«አባዬ፣ አበቦቹን ማን ማን ነው የሚነካቸው?»

«እኔ። ደግሞ እትዬ ርጭት።»

እትዬ ርጭት ከላይኛው ፎቅ የምትኖር፣ ዕድሜዋን ችግኝ ጣቢያ የጨረሰች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ውሃ መርጫ ከእጇ ስለማይለይ ስሙን ያወጡላት የልጅቷ አባት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የቅጠሎቹን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ አበቦቹን ከማሞቂያው ታርቃለች።

«አየሩ ሲደርቅ ነው የሚፈላው» ትላለች። «ቅጠሉን አዘውትራችሁ ካጠባችሁት ድርሽ አይልም።»

አፏ ሥራ አይፈታም። አባትየው ወንበር ስበው ይሰሟታል፤ በቀልዷ ከት ብለው ይስቃሉ። በሌላው ቀን ቤቱ ጭር ይላል። ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነው፤ እሱንም ማን እንደሚሰማው እንጃ።

ልጅቷ ነገሩን አወጣች አወረደች። ቅዳሜ ታጥበው የጸዱ አበቦች በሚቀጥለው ቅዳሜ ድር አድርቶባቸው ይገኛሉ። ከውጭ የሚገባ ሌላ ሰው የለም። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ተባዩ ከጠፋ ምን ብላ ትመጣለች? በጨርቋ ጠቅልላ አንድ የታመመ ቅጠል ጣል ማድረግ ምን ይከብዳታል?

ወደ ላይ ወጥታ በሩን አንኳኳች።

«እትዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ባይመጡ። ተባዩ በሰው ልብስ ይገባል ይባላል።»

ሴትዮዋ ነገሩ ገባት። ፊቷ ጠቆረ።

«ይሁን የኔ ልጅ። ብቻ ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ቅጠሉን ከጀርባው ይጠቡት» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሳምንታት አለፉ። አባቷ አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። ቅዳሜ ሲሆን ጢማቸውን ተላጭተው ይቀመጣሉ፤ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ይሉና መልሰው ያቀረቅራሉ። ምግብም ቀነሱ። ልጅቷ ቅጠሎቹን ገልበጥ አድርጋ ስታይ ግን ልቧ ያርፋል፤ ነጠብጣብ የለ፣ ድር የለ።

«አየህ አባዬ? እሷ ከቀረች ወዲህ ድራሹ ጠፋ!»

«እሷ አላመጣችውም» አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

«አንተ ደግሞ ሰው ማመን ትወዳለህ።»

አባቷ የሐረጉን ሲባጎ ነካ ነካ አደረጉ።

«አበቦቹ ደህና ከሆኑ እንግዲህ ምን ብላ ትመጣለች?»

«አትመጣማ!» አለች ልጅቷ፤ ግንባራቸውን ስማ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቅር አላት እንጂ አልተጸጸተችም። እናቷን ያዳነች ነበር የመሰላት።

ደረጃውን አጋምሳ ጃንጥላዋን መርሳቷ ትዝ አላት። ተመልሳ ስትወጣ አባቷ፣ ፊት ለፊት በሚኖረው የአበባ እርሻ ሹፌር በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይለማመጡታል።

«እባክህ የኔ ወንድም፣ እንደ በፊቱ ከእርሻው አንድ የታመመ ቅጠል ብቻ ቀንጥስልኝ፤ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው።»