የጋሽ ገሠሠ የድጋፍ ደብዳቤ

ጋሽ ገሠሠ የኮፒ ቤቴን በር ይዘው ቆመዋል፤ መግባትም መናገርም አልቻሉም። ከቦንጋ መናኸሪያ እስከ እኔ ድረስ ያለውን ዳገት በሩጫ ነው የወጡት፣ ያውም አስም እያለባቸው።

ኑኃሚን ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ብላ ክንዳቸውን ትይዛለች። ወንበር ላይ ታስቀምጣቸውና ክርናቸውን በጉልበታቸው ታስደግፋለች። «ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ያውጡት። አይናገሩ፣ ጋሼ።» በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን ከኮት ኪሳቸው ታወጣና ነቅንቃ ትሰጣቸዋለች። ሁለት ጊዜ ይስባሉ።

እኔ ሰዓቱን አያለሁ። አሥር ከአሥር። ማመልከቻው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል፣ መብራቱም በነሐሴ ዝናብ አይታመንም።

ኑኃሚን አዲስ አበባ የአተነፋፈስ ሕክምና ትማራለች፣ ሁለት ዓመት ይቀራታል። የሚከፍልላት ወንድሟ ሥራውን አጥቷል፤ ስኮላርሺፕ ካላገኘች መስከረም ላይ አትመለስም። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ጋ ተቀምጣ ስትፈልግ ነው የከረመችው። አንዱ ለነርስ ነው ይላል፣ ሌላው ለሐኪም፤ የእሷን ሙያ ከነመፈጠሩ የሚያውቀው የለም። ይኼኛው ብቻ «ሌላ የጤና ሙያ» የምትል ሳጥን አለችው። ሁሉንም ሞልተናል። የቀረው ከድሮ አስተማሪዋ የሚመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ በኮምፒውተር የተተየበና አመልካቿ ያላየችው መሆን አለበት።

ጋሽ ገሠሠ ከሚያስተምሩባት ከዋጫ ከተማ ይዘውት የመጡት ፖስታ በሙጫ ተለጥፏል፣ በስቴፕለር ተመትቷል፣ መዝጊያው ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ሦስት ጊዜ አርፎበታል። አመልካቿ እንዳታየው የተባሉትን በደንብ ሰምተዋል። መተየብ የሚለውን ግን አልሰሙም። ከፍቼ ሳየው በእጅ የተጻፈ ነው፣ አንዷን መስመር እንኳ መለየት አቃተኝ። የስንቱን ሰው ማመልከቻ የጻፍኩ ሴት በአስተማሪ ጽሕፈት ተሸነፍኩ።

«እኔ ላንብብልሽ» ይላሉ። «ጉዳዩ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ስለመ...» ሳል ያቋርጣቸዋል። ኑኃሚን ጀርባቸውን ትደግፋለች።

«እኔ አነበው ነበር» ትላለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እውነቷን ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የእሳቸውን ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ የምትገለብጠው እሷ ነበረች። «ግን ማየት የለብኝም።»

ጋሼ እሷንም ሰዓቱንም ያያሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። «አንብቢላት» ይላሉ። ሰውን ፊት ለፊት አመስግነው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያው የቢሮ አማርኛ ነው፤ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው»፣ «ታታሪና ሥነ ምግባር ያላት»። እንዲህ ያለውን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ድምጿ ይለወጣል።

«‹እናቷ በትንፋሽ ማጠር ባረፉ በሳምንቱ ክፍል ገብታ፣ ሰው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል ብላ ጠየቀችኝ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አልኳት። እናቴ አርባ ስድስት ነበረች አለችኝ።›»

ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ይቆማል።

«ቀጥዪ» ይላሉ ጋሼ፣ ሳይዞሩ።

«‹ወደ ትውልድ አገሬ ለመመለስ በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላ ነበር። በዚያ ዓመት አልሞላሁም። ይህችን ልጅ ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ከዚያም ወዲህ ሞልቼ አላውቅም።›»

ኑኃሚን ቀና ትላለች። «ጋሼ፣ ይህን አንድም ቀን አልነገሩኝም።»

«ደብዳቤው ለአንቺ አይደለማ።»

ከፊርማው በታች አንድ መስመር ይቀራል። ታየዋለች፣ ግን አታነበውም። ወረቀቱን ወደ እኔ ትገፋዋለች። ይህቺን እኔም ማንበብ አላቃተኝም፤ ፊደሉ አንድ በአንድ፣ ሳይጣደፉ የተጻፈ ነው። «ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ዓባይነሽ ጣሰው፣ ባሉበት» ይላል።

ዓባይነሽ እናቷ ናት። ዓይኔን እየጠረግሁ እጽፈዋለሁ። አትሜ አስፈርማቸዋለሁ፣ ስካን አድርጌ ማመልከቻው ላይ አያይዘዋለሁ። አሥራ አንድ ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ አመልካቿ ደብዳቤውን አይታዋለች?

«አላየችም ልበላ» እላለሁ። «ማን ያውቅብናል?»

«አይታዋለች በይ» ይላሉ ጋሽ ገሠሠ። «ምክንያቱንም ጻፊ። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ እሷ አነበበችልኝ።»

«በዚህ ሰበብ ቢጥሉትስ፣ ጋሼ?»

ኑኃሚንን ያዩዋታል፤ የሚጠፋው የእሷ ዕድል ነው። እጇ አሁንም ጀርባቸው ላይ ነው፣ ትንፋሻቸውን እየቆጠረች እንደሆነ ያስታውቃል።

«እንዳሉት ጻፊው፣ ሰብሌ» ትለኛለች።

እጽፈዋለሁ። እሷ ራሷ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች። ኔትወርኩ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ በመጨረሻ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ይላል። ከዚህ በላይ የሚለው ነገር የለም፤ መልሱ በወሩ ነው።

ጋሽ ገሠሠ ወንበራቸውን ወደ እኛ ይመልሳሉ። «ግልባጩንም አውጪልኝ» ይላሉ። ሁለተኛውንም በጥንቃቄ ፈርመው ለኑኃሚን ይሰጧታል። አጥፋ አዲስ ፖስታ ውስጥ ትከተዋለች። እኔ በልማዴ ሙጫውን አነሳለሁ።

እጄን ትይዘኛለች። «ይኼኛው አይታሸግ» ትላለች። «እኔ ነኝ የማነብላት።»