ሲስተር አልጋነሽ ድምፅ ልትጠይቅ መጣች

«እኔ አልመርጥዎትም» አለች ፀደንያ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ከአግዳሚው ወንበር እየተነሣች።

በቀበሌው አዳራሽ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከደካ ከተማ ወጣ ባለችው በዚህች መንደር፣ ለክልሉ ምክር ቤት ከሚወዳደሩት እጩዎች ሰው ማንም ሳይቀሰቅሰው ወጥቶ የጠበቀው አልጋነሽን ብቻ ነው። ገና በወጣትነቷ አዋላጅ ነርስ ሆና መጣች። ኋላ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስትሆን እንኳ ምጥ የጠናባት ሴት አለች ካሏት ስብሰባ ጥላ ትወጣ ነበር። ፀደንያ ራሷ የተወለደችው በእሷ እጅ ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አለች አልጋነሽ።

«ምንም። ሐምሌ ላይ እወልዳለሁ። እርስዎ ከተመረጡ ይሄዳሉ። እኔን ማን ያዋልደኛል?»

ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ የፀደንያ ነገር የብዙዎቹ ነገር ነበር። አልጋነሽ ተዘጋጅታ የመጣችበትን ንግግር ተወችው። በአማርኛ የጀመረችውንም በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ቀጠለች። ወንጌላዊት የምትባለውን ወጣት አዋላጅ ራሷ እንዳሠለጠነቻት፣ እጇም ከእሷ እጅ እንደማያንስ ነገረቻቸው። ሐምሌ ላይ እገኛለሁ ብላ ግን ቃል አልገባችም።

«እኔ የማዋልደው የደረስኩላትን ነው» አለች። «ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማዶ ለቀረችው ምንም አላደርግላትም። ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራ እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ ምክር ቤት ነው። ሄጄ እንድጠይቅላችሁ ፍቀዱልኝ።»

ከኋላ ጋሽ ወልደ ማርያም ተነሡ። ያያቸው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ባለፈው ክረምት ልጃቸው ሊና ምጥ ይዟት በቃሬዛ እስከ ወንዙ ድረስ መጥታ፣ ውሃው አላሻግር ብሎ እዚያው ዳር ላይ ሞታለች። አምቡላንሱ ከማዶ መብራቱን አብርቶ ቆሞ ነበር። አልጋነሽ ለቅሶ ስትደርስ ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩዋትም። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደሚወቅሷት ታስብ ነበር።

«ያን ቀን ሲስተር ማዶ ነበረች» አሉ። «እስከ ደረቷ ውሃው ውስጥ ገብታ፣ ሰዎች ናቸው ጎትተው ያወጧት። የልጄን ስም እየጠራች ስትጮህ ሰምቻለሁ።»

ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«አትሂድብን ትላላችሁ። እዚሁ አጠገባችን ሆናም መድረስ አልቻለችም። ትሂድ።»

ብለው ተቀመጡ። ያጨበጨበ የለም።

ፀደንያ እስካሁን እንደቆመች ነበር። ሽማግሌውን አየች፤ አልጋነሽን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። አልጋነሽ መጥታ ተቀመጠች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ምረጡኝ እስክትል ሲጠብቅ፣ እሷ እጇን በፀደንያ ሆድ ላይ አሳርፋ፣ ልጁ ማታ ማታ ይንቀሳቀስ እንደሆነ በለሆሳስ ትጠይቃት ነበር።