ሰው ያልኖረበት መሬት

የኃያሉ አገር መልእክተኛ፣ አገራቸው በአፍሪካ የምትሠራውን ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ውል ሊፈርሙ ብዕር አንሥተዋል። ሚኒስትሩ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረው፣ "መሬቱ ባዶ ነው፤ ሰው ኖሮበት አያውቅም በያቸው" አሏት።

እሷም እንደታዘዘችው ተረጎመች።

መልእክተኛው ግን ብዕሩን አስቀመጡ። "ትናንት ቦታውን ስጎበኝ ብቻቸውን የቆሙ ሽማግሌ አገኘሁ። አንድ ነገር ደጋግመው ስለነገሩኝ በቃሌ ያዝኩት" አሏት። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንጓች ለምን ዝም አለች?" አሉ።

ሚኒስትሩ ግራ ገባቸው። "አንጓች ደግሞ ማን ናት?"

"እኔ ነኝ" አለች፣ በሁለቱም ቋንቋ። "እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ አባቴ ብቻ ነበር። እዚያው መንደራችን ውስጥ ከቀበርነው ስድስት ዓመቱ ነው።"