የፊት ቀኝ ጎማ

«ምንም የለውም አልኩሽ! ውሰጂው!» ሜካኒኩ የሚኒባሱን ቁልፍ ወረወረላት። ሾፌሯ አልቀለበችውም፤ ቁልፉ ዘይት የጠገበው መሬት ላይ ወደቀ።

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብሎ ነው የሸኛት። «ጋሼ፣ ሲጢጥ ይላል እኮ። ልጆቹ ሳይቀሩ አይጥ አለ እያሉ ይስቁብኛል» አለችው። የምትጭነው ተማሪ ነው፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ወደየቤታቸው፣ በዚያ ጥምዝምዝ ቁልቁለት።

«አይጥ መያዝ የእኔ ሥራ አይደለም።»

«አይጥ አይደለም» አለ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው። «ከጎማው ነው።»

ተናጋሪው የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል። ሜካኒኩ አንድ ቀን ደንበኛ ፊት «አንተ አምፖል ቀይር፤ መኪና የሚያውቅ ሰው ሲያወራ አትግባ» ብሎ ካዋረደው ወዲህ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየዋሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሜካኒኩም ለመኩራራት ምክንያት አላጣም። መኪና ገና በር ላይ ሳለ ሕመሙን በድምፁ ለይቶ የሚናገር ሰው ነው፤ ሌላው ግማሽ ቀን ፈትቶ የሚደርስበትን እሱ ቆሞ ይደርስበታል።

«ማን ጠየቀህ?» አለው።

«ሕፃናት ነው የምትጭነው። አንተን ደስ እንዲልህ ዝም ልበል?»

ነገር ፈልጎኝ ነው አለ ሜካኒኩ በሆዱ። አፉን ሊያስይዘው ቆርጦ ክሪኩን አመጣና የፊት ቀኙን ጎማ ከመሬት አነሳ። በጉልበት አሾረውና ጆሮውን አስጠጋ። ጎማው ጸጥ ብሎ ዞረ።

«ሰማህ? ምንም!» ብሎ ቀና አለ።

ሽቦ አፉን ከፍቶ ያየው ጀመር። ሜካኒኩ ትመሰክርልኛለች ብሎ ወደ ሾፌሯ ዞረ። ሾፌሯ ጥርሱን እንዳጠረሰው ሰው ፊቷን አጨማዳ፣ ትከሻዋን ሰብስባለች። ጎማውን በመዳፉ ያዝ ሲያደርገው ፊቷ ተፈታ። እንደገና አሾረው፤ እንደገና ተጨማደደ።

ሜካኒኩ ክው አለ። ይህች ሴት የምትዋሽበት ምክንያት የላትም። የሞተር ጉርምርምታ፣ የሰው ንግግር ይደርሰዋል፤ የጠፋበት ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሚስቱ ትዝ አለችው። ከክረምት ወዲህ ጯሂ ሆነች፣ ጠባይዋ ተበላሸ እያለ ስንቴ ተጣልቷታል። ለካ ቀጭን ድምፅዋ አልደርሰው ብሎ ኖሯል።

«አሃ፣ አሁን ሰማሁት» ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሷል። ግን የሚጮኸው ብሬኩ ይሁን ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ በምን ይለየዋል? በግምት አስሮ ቢሰዳት ደግሞ ያ ቁልቁለት አለ።

«አይሰማኝም» አለ።

«ምን?» አለ ሽቦ።

«አይሰማኝም አልኩህ።»

«ጮክ በል። እሷም ትስማ። እኔን ያዋረድከኝ ሰው ፊት ነው።»

ሜካኒኩ ከአጠገቡ መፍቻ አነሳ። መፍቻ የጨበጠ እጁ የት እንደሚያርፍ ለአፍታ እሱም አላወቀም። ከዚያ መፍቻውን መሬት አስቀመጠና፣ የሾፌሯን ዐይን ሳያይ፣ «እህቴ፣ ድምፁ አይሰማኝም። ባለፈውም አልሰማሁትም። ምንም የለውም ያልኩሽ ለዚያ ነው» አላት።

«ልጆቹን ይዤ እኮ ነው የሄድኩት!» አለች ሾፌሯ። «የሰው ልጆች!»

ሜካኒኩ ጎማው ሥር ተንበርክኮ ንዝረቱን በመዳፉ ሊያዳምጥ አንድ እጁን ከጎማው ኋላ ባለው የመኪናው ሞላ ላይ አሳረፈ። «ቀስ አድርጌ ላዞረው ነው» አለ ሽቦን ሳያይ። «ድምፁ በወጣ ቁጥር ትከሻዬን ምታኝ።»

«በደስታ» አለ ሽቦ።

ጎማው ዞረ። ሽቦ መታው፤ ለምልክት ከሚበቃው በላይ አጥብቆ።

«ምታኝ አልኩህ እንጂ ስበረኝ አላልኩህም።»

«ሥራህን ሥራ።»

ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ ተመታ። በቀጣዩ ላይ፣ ልክ ትከሻው ሲነዝረው፣ መዳፉ ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ብረት ውስጥ አሸዋ የሚፈጭ ዓይነት።

«ኩሽኔታው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አልቋል። ቆይ፣ አንዴ ላረጋግጥ።»

እጁን ከሞላው አላነሳም። ዐይኑን ጨፈነ፣ ጎማውን ጥቂት ወደፊት ገፋ አደረገና፣ ትከሻውን ሳያሸሽ የጠላቱን ቡጢ ጠበቀ።