በሞቴ ተነሺ

«የማይነሳ መኪና ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ በመጣበት መርከብ ይመለሳል» አለ የጉምሩኩ ፈታሽ። ባልየው ቁልፉን አዞረ። አሮጊቷ መኪና ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ ሊኖሩበት የመጡት አገር ደጃፍ ላይ ጭጭ አለች። ደግሞ አዞረ፤ ወይ ፍንክች! ላብ አጠመቀው።

ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ በዓይኗ ዳሽቦርዱን አሳየችው። እሷ ስትነዳ ሁልጊዜ ዳሽቦርዱን እየደባበሰች መኪናዋን ትለምናት ነበር፤ እሱ ደግሞ «ብረት ጆሮ የለውም» እያለ ይስቅባታል። አሁን ግን ፈታሹ እንዳይሰማው አንገቱን ደፋና መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ፣ «በሞቴ ተነሺ፣ እናት ዓለም፣ አታዋርጂኝ» አላት።

መኪናዋ ሳል ሳል አደረጋትና ተነሳች። ባልየው እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ፈታሹ ማኅተሙን እየመታ፣ «ምን ቢሏት ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ለእኔ ብሎኝ የማያውቀውን!» አለች ሚስቱ።